የፊተኛው በር ለምን ተዘጋብን?

በደሉን አስቀድሜ ልጻፍ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ እኔ በምሠራበት ሕንፃ፣ በቅናሽ ኪራይ የሚኖሩ ሰዎች በፊተኛው በር እንዳይገቡ ተከለከሉ። ሕንፃው አንድ ነው፤ ጣራውም መሠረቱም አንድ ነው። ነገር ግን ሊፍቱ ያለበት የመንገዱ በር ሙሉ ኪራይ ለሚከፍሉት ብቻ ሆነ። የቀሩት በጀርባ ባለው ቅያስ ዞረው፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹን አልፈው፣ በብረት በር ገብተው ደረጃውን በእግራቸው እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ጉልበታቸው የከዳቸው አሮጊቶች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ነበሩ። "ይህን ማን አዘዘ? ለምን?" ብዬ ጠየቅሁ። መልሱን ሳልሰማ ከዚህ ሥራ አልወጣም አልኩ፤ አልወጣሁምም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የእኔን ሥራ ዛሬ የሚሠራው ስልክ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ቧንቧው ያፈሰሰበት ተከራይ ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ከሩቅ ያለ ሰው ተራ ይሰጠዋል። ልጄ ዳንኤል "እማዬ፣ ዘመኑ ነው" ይለኛል። ይሁን። ስልኩ ያላየውን ግን እኔ አይቻለሁና ልጽፈው ተቀመጥኩ። ትምህርቴ ሆሳዕና ከጀመርኩት አንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ አማርኛም ከሀዲይኛ ቀጥዬ የተማርኩት ቋንቋ ነው። የሚጎረብጥ ቦታ ካለ አንባቢ ይታገሰኝ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። ከከተማው ውጭ ባለው ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ስፓዛ ነበረው፤ ዳቦ፣ ስኳርና የስልክ ካርድ የምትሸጥ የሰፈር ሱቅ። እንጀራችንን የምናገኘው ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆመን በትንሽ ቀዳዳ እያቀበልን ነበር። ሱቁ ተዘረፈ፤ ጠገንነው። እንደገና ተዘረፈ። ባለቤቴ ታመመና ወደ አገር ቤት ተመለሰ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ዳንኤል የተረፈውን ዕቃ ጭኖ ካትሌሆንግ በሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ ከፈተ፤ አብሬው እንድቆም ለመነኝ። "ከእንግዲህ ሰውን በፍርግርግ ውስጥ አላይም" አልኩና ወደ ከተማ ገባሁ። አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት ጽዳት ሠራተኛ የሚፈልግ ሕንፃ አለ ብላ ወሰደችኝ።

ሕንፃው ድሮ ቢሮ ነበር። ከዚያ ለብዙ ዘመን ባዶውን ቆሞ፣ መስኮቱ ረግፎ፣ እርግብ ሰፍሮበት ነበር አሉ። አንድ ባለሀብት ገዝቶ ወደ መኖሪያነት ለወጠው። እንዲህ ያረጀ ሕንፃ ለሚያድስ ሰው መንግሥት ግብር ይቀንስለታል፤ የእኛው ሰውዬ ደግሞ ከፊሉን ቤት አነስተኛ ገቢ ላላቸው በቅናሽ ሊያከራይ ውል ገብቶ ነበር። ጠራጊው፣ የሆስፒታል አስታማሚው፣ የሱቅ ተቀጣሪው፣ የጡረተኛው ቤት ማለት ነው። ይህን ያስረዳኝ የመጀመሪያ አለቃዬ ባባ ሞዮ ነው። "ማማ ዘነበች፣ ግብሩ የሕዝብ ነው" አለኝ። "እነዚህ ሰዎች ምጽዋት አልተቀበሉም። ይህን ልብ ካላልሽ ሥራውን አትችይውም።"

ባባ ሞዮ የዚምባብዌ ሰው ነው። የሥራ መጠሪያው ኬርቴከር ነበር፤ ሕንፃውን የሚያጸዳ፣ የሚጠግን፣ የተከራዩን ብሶት የሚሰማ ሰው። ደመወዙ ትንሽ፣ የሚፈርምበት ወረቀት ብዙ ነው፤ ስለዚያ ከዚህ በላይ አልልም። ስለ ሰውዬው ልማድ ግን ልንገራችሁ፤ እጄ የተፈታው በእሱ ልማድ ነው።

ደረጃ የሚወለወለው ከላይ ወደ ታች ነው፤ እሱ ግን መጀመሪያ ባዶ እጁን ከታች ወደ ላይ ይወጣል። እየወጣ ግድግዳውን በመዳፉ ሳይሆን በእጁ ጀርባ ይዳብሳል። መዳፍ በሥራ ደንድኗል፤ እርጥበትን የሚያውቀው የእጅ ጀርባ ነው። ቀለሙ ሳያብጥ፣ ሻጋታው ሳይታይ፣ "እዚህ ውስጥ ቧንቧ ያነባል" ይል ነበር። በር ሲያንኳኳ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል፤ በበሩ ቀዳዳ የሚያየው ሰው ከእግር እስከ ራሱ እንዲያየው። "ግባ" ካልተባለ ጫማው ደፉን አያልፍም፤ የሁሉንም ቤት ቁልፍ በወገቡ ይዞ። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ሰው ይዞ ሲቆም ሌላው ሰው ወደ ቁልፉ ይሮጣል። እሱ መጀመሪያ መሬት ላይ ቁጭ ይልና በስንጥቁ በኩል ያወራል። የሠፈሩን እግር ኳስ ያወራል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። ውስጥ ያለው ሰው መሳቅ ሲጀምር ነው ወደ ቁልፉ የሚሄደው።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ በሩ ላይ ይቆማል። ወደ ሥራ የሚወጣውን ሁሉ "ሳውቦና" ብሎ በስሙ ይሸኛል። ሰላምታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማን እንዳነከሰ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ የማን ልጅ ትምህርት ቤት እንደቀረ የሚያውቀው እዚያ ነው። የሰነበተ ጭንቅ ፊት ላይ ሳይወጣ አይቀርም።

አንድ ክረምት አራተኛ ፎቅ ስደርስ የዓሣ ሽታ ሸተተኝ። የዓሣ ሽታ ምን ያስደነግጣል ትሉ ይሆናል። የማሞቂያ ሶኬት ውስጡ ሲቃጠል እንደ ዓሣ ነው የሚሸተው፤ ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው። የቤቱ ባለቤት የለም። ባለቤቱ በሌለበት ብቻችሁን አትግቡ የሚለው የባባ ሞዮ ሕግ ትዝ አለኝና ጎረቤቱን ጎትቼ ይዤ ገባሁ። ሶኬቱ ጠቁሮ መጋረጃው ሥር ይጨሳል። ቆጣሪውን አጠፋሁ። ባባ ሞዮ ሲሰማ አላመሰገነኝም። "ጎረቤቱን ጠራሽ?" ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። ጠርቻለሁ ስለው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ወደ ቡላዋዮ ሲመለስ ቁልፎቹን ለእኔ እንዲሰጡኝ ለኩባንያው ተናግሮ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ አስኪያጅ መጣ፣ ሄደ። አንዱ መጮህ ይወድ ነበር፤ ሌላው ከመኪናው አይወርድም። መጨረሻ ላይ ሌራቶ መጣች። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ ሶዌቶ ያደገች። እሷ በመጣችበት ጊዜ ሠፈሩ መለወጥ ጀምሮ ነበር። የመኪና ጎማ ይጠገንበት የነበረው ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቃ ያለበት ገበያ ሆነ። ግድግዳው በሥዕል ተሞላ፤ ቱሪስት ካሜራ አንግቦ በቡድን ይጎበኘን ጀመር። ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ወጣቶች ውሻ ይዘው መጡ። እኔ በመምጣታቸው ቅር አላለኝም። በሕንፃው የመንገድ በኩል ያለው ቤት ለእነሱ ታደሰ፤ በጓሮ በኩል ያለው በቅናሽ ለሚኖሩት ቀረ። እስከዚህ ድረስ ምንም አላልኩም።

ከዚያ ካርዱ መጣ። ለሁሉም የበር ካርድ ታደለ። በየፎቁ መተላለፊያ መሀል የብረት በር ተገጠመ። በቅናሽ የሚኖሩት ሰዎች ካርድ ፊተኛውን በር ሲነካ ቀይ መብራት ያበራል፤ የጓሮውን ብቻ ይከፍታል። የተበላሸ መስሎኝ ሌራቶ ዘንድ ሄድኩ።

"አልተበላሸም ማማ" አለችኝ ወለሉን እያየች። "የእሳት አደጋ ደንብ ነው።"

"እሳት ኪራይ ይጠይቃል እንዴ?"

"እኔ አይደለሁም ያዘዝኩት።"

"ማን ነው?"

"ከላይ ነው።"

ከላይ ያለውን የማውቀው እግዚአብሔርን ነው፤ እሱ ደግሞ በር አይዘጋም። ወደ ኩባንያው ደወልኩ፤ የጥበቃ ድርጅቱ ነው አሉኝ። የጥበቃ ድርጅቱ የሕንፃው ነዳፊ ነው አለኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ የዚህ ነገር ሥር ግን በቆፈርኩ ቁጥር ቦታ ይቀይራል። ዳንኤልን ሳማክረው "እማዬ፣ ዝም አይነቅዝም" አለኝ።

"ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው አምስተኛ ፎቅ በእግሩ አልወጣም" አልኩት።

አምስተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎጎ ኖምሳ ናት። ጎጎ ማለት በዙሉ አያት ማለት ነው፤ እኔንም የሕንፃው ልጆች እንደዚያ ይሉኛል፤ እኔና እሷ ግን "ሲስ"፣ እህቴ፣ ነው የምንባባለው። ዕድሜዋን በሙሉ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ጉልበቷ አልቋል። በሊፍት እየወረደች እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ረቡዕ ክሊኒክ ትሄድ ነበር። ሊፍቱ ሲከለከል መጀመሪያ ክሊኒኩ ቀረ። "ሲስ ዘነበች፣ አንድ ጊዜ ከወረድኩ መመለሱ ቀኑን ይፈጃል" አለችኝ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ ቀረ።

እኔ ፊተኛው በር ላይ የነበረውን ወንበሬን አንስቼ ወደ ጓሮ ወሰድኩ። ጠዋት ጠዋት የምቆመው በቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ሆነ። ሌራቶ ዞራ መጣች።

"ማማ፣ ቦታሽ ፊት ለፊት ነው። አዲሶቹ ተከራዮች ዕቃ የሚቀበልላቸው አጡ።"

"ቦታዬ ሰዎቼ የሚወጡበት ነው። ሰዎቼን ወደ ፊት መልሺ፣ ወንበሬ ተከትሎ ይመጣል።"

"ያባርሩሻል እኮ!"

"ያባርሩኝ። ማን እንዳባረረኝም ያን ጊዜ አውቃለሁ።"

ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አልቻለችም። ወንበሩን ግን ተወችልኝ።

ለጎጎ ኖምሳ የራሴን ካርድ ሰጠኋት፤ ኬርቴከር በመሆኔ የእኔ ሁሉን ይከፍታል። ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሏት ወረደች፣ ወጣች። ሁለታችንም አንድ ነገር አላሰብንም። እሷ እንደ ጎረቤት ሴት ሁሉ፣ ፊተኛው በር ጋ የቆመ የጓሮ ተከራይ ስታይ አብራ ታስገባለች፤ ሕፃን ያዘለችውን፣ ከረጢት የተሸከመውን። ብቻዋን መሄድ አልለመደባትም፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ካሜራው አየ። የእኔ ካርድ ተሠረዘ፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ እሷ ደግሞ ሌላ ጊዜ ከደገመች ከቤቱ እንደምትወጣ ተነገራት። ከዚያ ቀን በኋላ ከክፍሏ አልወጣችም። ምግቧን እያደረስን፣ መድኃኒቷን እያመጣን ቆየን። ሰው ግን በምግብ ብቻ አይኖርም። መጨረሻ ላይ ልጇ መጣችና ወደ ኦሬንጅ ፋርም ልትወስዳት ወሰነች።

በወንበር ላይ አስቀምጠው ሁለት ጎልማሶች ተሸክመው በጓሮው ደረጃ አወረዷት። በየመታጠፊያው ወንበሩ ግድግዳ ይመታል። እኔ ሻንጣዋን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። ገንዳዎቹ ጋ ስንደርስ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ "እስከዛሬ እዚህ ነው የምትቀመጪው?" አለችኝ። በሥራ ዘመኔ ያመለጠኝ ቧንቧ አለ፣ የፈረሰ ጣራ አለ፤ እንደዚያ ቀን ግን የተሸነፍኩበት የለም። አንድ ተከራይ ነበር ማዳን የነበረብኝ፤ አላዳንኩም።

ያ ዓመት ሳያልቅ አቶ ታደለ ሞተ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በጓሮው በኩል ከባለቤቱ ከአልማዝ ጋር ይኖር ነበር፤ የእኛ አገር ሰው በሚነግድበት በጄፒ ገበያ ብርድ ልብስ ይሸጥ የነበረ፣ ሳቂታ የከምባታ ሰው። ታሞ ሆስፒታል ገባና አልተመለሰም። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ይላካል፤ ለቅሶው ግን እዚህ ነው። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ኤርሳዶ ድንኳኑን በመኪና አስጭኖ መጣና መንገዱ ላይ ቆሞ ጠየቀኝ።

"ዘነበች፣ የአልማዝ ደጅ የቱ ነው?"

ድንኳን የሚተከለው በሐዘንተኛው ደጅ ነው። ይህን ለእኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። የበሩ ዘበኛ ሲቡሲሶ ወደ ቅያሱ ጠቆመው። ጋሽ ኤርሳዶ ከዘራውን ይዞ ዞሮ አየና ተመለሰ።

"እዚያ ነው? ከገንዳ ላይ ልትከል? ሊያስተዛዝን የመጣ ሽማግሌ በዚያ ይለፍ? ይህች ልጅ ባሏ ሞተ እንጂ ምን አጠፋች?"

ሁሉም እኔን ያያሉ። አልማዝ ከላይ ስታለቅስ ይሰማል። የፊተኛውን በር በእጄ መታሁት።

"ደጇ ይኼ ነው። ትከሉ።"

"ኢሽ፣ ማማ!" አለ ሲቡሲሶ። "ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው?"

"አንተ አላየህም። ዞር በል።"

"እንዴት ነው የማላየው? ድንኳን እኮ ነው!"

እንዲህ እያለ እሱ ራሱ ገመዱን ያዘላቸው። እዚህ አገርም ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ለሲቡሲሶ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የእግረኛ መንገዱ ላይ፣ ልክ በመስተዋቱ በር ፊት ተተከለ። ለቀስተኛው ከጄፒ፣ ከአሌክሳንድራ፣ ከካትሌሆንግ ጎረፈ፤ ዳንኤልም ሱቁን ዘግቶ መጣ። የጓሮው ተከራዮች፣ የዙሉውም የሶቶውም፣ የፕላስቲክ ወንበርና ድስት ይዘው ወረዱ። የእኛ መዘምራን ሲደክማቸው እነሱ በዙሉ ይቀጥላሉ፤ እነሱ ሲያርፉ የእኛ ያነሳሉ። አልማዝን በሊፍቱ አወረድናት። ካርድ የጠየቀ የለም፤ ሲቡሲሶ በራሱ ካርድ ይከፍት ነበር።

ከመንገዱ በኩል ካሉት አዲስ ተከራዮች አንዷ፣ ውሻ ያላት ወጣት፣ ግራ ተጋብታ ቆመች። ኬት ትባላለች።

"ማማ፣ ማን ነው የሞተው?"

"ጎረቤትሽ።"

"የቱ ጎረቤቴ?"

"የመኝታ ቤትሽን ግድግዳ የሚጋራሽ። ከብረት በሩ ማዶ።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ማዶው እኮ መጋዘን ነው! ቤቱን ሲያሳዩኝ መጋዘን ነው ነው ያሉኝ። ሳል የሚሰማኝ... ከሌላ ፎቅ ነው ብዬ ነበር።"

ውሻዋን ቤት አስገብታ ተመለሰችና ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወረዱ። አንዱ ጎረምሳ ትልቁን የአበባ ማስቀመጫ ጎትቶ የተከፈተውን በር በእሱ አስያዘው፤ ለቅሶው እስኪያበቃ ድረስ በሩ አልተዘጋም።

ሌራቶ ስትመጣ "ማን ፈቀደ?" አለች። "ሞት" አልኳት። ቆማ መዝሙሩን ሰማች። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ከአልማዝ አጠገብ ቁጭ አለች። ስትነሳ ስልኳን አውጥታ የሕንፃው ባለቤት ዘንድ ደወለች። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አድርጋ ስትናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። አዲሶቹ ተከራዮችም ተሰብስበው ጻፉለት።

ካርዶቹ ተስተካከሉ። የሁሉም ሰው ካርድ ፊተኛውን በር ከፈተ፤ የየፎቁ የብረት በር ተነቀለ። ሌራቶ እየሮጠች መጥታ "ማማ፣ አሸነፍሽ!" አለችኝ።

"በር እንዲከፈት አይደለም የጠየቅሁት" አልኳት። "ማን ዘጋው፣ ለምን ዘጋው ነው ያልኩት። ዘጊው ያልታወቀ በር ነገም ይዘጋል። ሰውዬው ይምጣና ይመልስ።"

"እሱ ሽማግሌ ነው ማማ፤ አይመጣም።"

"እኔስ ምንድን ነኝ?"

መጣ። ሌራቶ እንዴት እንዳመጣችው የራሷ ምስጢር ነው። ተከራዮቹ ሁሉ ፊተኛው አዳራሽ ውስጥ ቆሙ፤ ጋሽ ኤርሳዶም ከዘራውን ይዞ መጣ። ጎጎ ኖምሳን ከኦሬንጅ ፋርም በታክሲ ልጇ አመጣቻት፤ በመንገዱ በር ገብታ ሊፍቱ ፊት ወንበር ተደረገላት። ክፍሏ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የሚቀጥለው የሚለቀቅ ቤት ለእሷ ይሁን ብዬ ለሌራቶ ነግሬያት ነበር፤ ጎጎ ግን "ቤቱ ይቅርብኝ ሲስ፤ እዚያ የልጅ ልጆቼ ለምደውኛል። መልሱን ልስማ ብቻ" አለችኝ።

ባለቤቱ ቀጭን፣ ንጹሕ የለበሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ስለ እሳት አደጋ ደንብ ጀመረ። እኔ እጄን አላወጣሁም፤ ብድግ አልኩ።

"ጌታዬ፣ ያንን ሰምተናል። ይህች ሴት ከዚህ ቤት በወንበር ተሸክመዋት በቆሻሻ መሀል ነው የወጣችው። እሷን እያየህ ንገረን። ማን አዘዘ? ለምን?"

ሰውዬው ሌራቶን አየ። ሌራቶ ዓይኗን አልሰበረችም። ጎጎን አየ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ማንም አላስገደደኝም። ሙሉ ኪራይ የሚከፍለው ሰው ቤት ሊያይ ሲመጣ፣ እናንተን በሩ ላይ ካየ ይመለሳል ብዬ ነው።"

ጎጎ ኖምሳ ከወንበሯ ቀና ብላ በእርጋታ ጠየቀችው።

"ልጄ፣ በእኛ ምክንያት የተመለሰ ሰው ነበር?"

"የለም" አለ። "ማንንም አልጠየቅሁም።"